ተቋጥሬ የገባሁበት ግብዣ

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬም ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከአንድ ግንብ ጥግ፣ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረችኝ። ጠዋት እመጣለሁ፣ ሳንቃዬን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ የቀለም ጠርሙሴን እከፍትና አቤቱታ የሚያጽፍ ሰው እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ሰው ይመጣል። አብዛኛውን ቀን የሚመጣው ፀሐይ ብቻ ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ድንጋዩ ጉዳይ ስለነበረው ነው። አስካለ የምትባል ልጅ ላገባ ሽማግሌ ብልክ፣ አባቷ ባሻ ደምሴ ሽማግሌዎቼን ጠጅ አጠጥተው በዚህ ቃል መለሷቸው፦ «ልጄን ድንጋይ ላይ ለሚውል ሰው አልሰጥም። ወንበር ሲያገኝ ይምጣ። እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የጠየቀን ሰው አለ።» ሌላው ሰው የበቅሎ ነጋዴ ነበር። እሱም ወንበር አልነበረውም፤ ግን በቅሎ ላይ ይቀመጣል፤ ባሻ በቅሎን ከወንበር እኩል ይቆጥሩ ነበር መሰለኝ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ለጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀር ወዳጄ ዘከሪያ እየሮጠ መጣ። ዘከሪያ የጀጎል ልጅ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ቆዳ ላይ አበባና ሐረግ የሚያትምባቸው የብረት ማኅተሞች ከአያቱ ወርሷል። ያመጣው ወሬ ይህ ነበር፦ ሙሴ ያኒ የሚባል አዲስ ግሪክ ነጋዴ ፈረስ መጋላ ላይ የቡና ቢሮ ሊከፍት ነው፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋል። ባለጸጋው ሐጂ ኢብራሂም ደግሞ ከከተማው ነጋዴዎች፣ ከጉምሩክ ሰዎችና ከአስተርጓሚዎች ጋር ሊያስተዋውቁት ቅዳሜ ምሳ ጋብዘውታል። ዘከሪያ ለሐጂ ኢብራሂም ቁርአን ጠርዞ ስለነበር ተጠርቷል፤ አንድ ጓደኛ ይዞ እንዲመጣም ተፈቅዶለታል።

«ቢሮ ነው የምልህ» አለኝ። «ወንበር አለው። ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሚሽከረከር ወንበር ነው።»

ቅዳሜ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ አራቱንም ቀን ተዘጋጀን። ዘከሪያ አንድ ጊዜ ዓደን ደርሶ ስለመጣ በእንዲህ ያለ ነገር አስተማሪዬ እሱ ነበር። ዓደን ላይ ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ስሙን በአፉ አይናገርም፣ ካርት ቪዚት የሚባል ስሙ የተጻፈበት ካርድ ያወጣል፣ ካርድ የሌለው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል አለኝ። ስለዚህ ከመጽሐፍ ሽፋን ከተረፈው ወፍራም ካርቶን አርባ ካርድ ቆረጠልኝ፤ እኔም በቁም ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ሞላኋቸው፦ «ተሰማ ገብሬ። ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ሕግ አዋቂ፣ የነጋዴዎች መካሪ፣ የፈረንሳይኛ ሊቅ።» ከአምስቱ አንዱ እውነት ነበር። ፈረንሳይኛ ዐሥራ አንድ ቃል አውቅ ነበር፤ ከዐሥራ አንዱም ሦስቱ የምግብ ስም ናቸው። ዘከሪያ ካርዱ ባዶ ባዶ መሰለው መሰለኝ፣ የአያቱን ክብ ማኅተም በቀይ ቀለም ነክሮ በእያንዳንዱ ግርጌ አተመበት። አምሮ ነበር፤ አልዋሽም። ያ ቀይ ክብ ምን እንደሚያመጣብን ግን ሁለታችንም አላሰብንም።

ኮት ከዘከሪያ አማች ተዋስን። አማቹ ጅቡቲ የሠራ ትልቅ ሰው ስለሆነ ከእኔ ትከሻ በኋላ ኮቱ ብቻውን ጥቂት ይቀጥል ነበር። ከዚያ ልምምድ ያዝን። ዘከሪያ ሙሴ ያኒ ሆኖ ይቀመጣል፤ እኔ ገብቼ ጎንበስ እላለሁ፣ ካርድ አወጣለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። ሙሴ ያኒ መሆን ስለወደደ ዐሥራ አራት ጊዜ አባረረኝ። ዐሥራ አምስተኛው ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዘከሪያ መላ አላጣም፤ የመጀመሪያውን ካርድ ለማትፈራው ሰው ስጥ፣ ያን ጊዜ እጅህ ይረጋል ብሎ መከረኝ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ግድም ከቤት ወጣን። ኮቱን አቧራ እንዳይነካብኝ ኩታዬን ከላይ ደርቤያለሁ፤ ሐጂ ኢብራሂም በር ስንደርስ አውልቄ ለዘከሪያ ልሰጠው ነው ሐሳባችን። ካርዶቹ ደረት ኪሴ ውስጥ ጡብ አክለዋል። ፈረስ መጋላ ስንደርስ እጄ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ዙሪያዬን ስመለከት ጫቱን ሸጦ የጨረሰ አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ከሶፊ መንደር የመጣ ገበሬ አህያውን ይዞ ቆሟል። ፊቱ ደግ ይመስላል። ይህን ሰው አልፈራውም አልኩና ሄድኩ።

ቀርቤ ጎንበስ አልኩ። «ቦንዡር ጌታዬ፤ እርስዎን በማወቄ ደስ ብሎኛል» ብዬ ካርዱን እጁ ላይ አኖርኩለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዘከሪያ ከኋላዬ ማሻአላህ ሲል ሰማሁት። ደስ ብሎኝ ልሄድ ስዞር ሰውየው ኩታዬን ያዘ።

«ምንድነው ይሄ?»

ስሜ ነው አልኩት። ካርዱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ቀዩን ክብ አየ፣ ኮቴን አየ፣ እንደገና ክቡን አየ።

«ማኅተም አለው» አለ። «እኔን በዕድሜዬ ኮት የለበሰ ሰው እርስዎ ብሎኝ አያውቅም። ወላሂ፣ አልተቀበልኩም። ውሰድ።»

እሺ ብዬ እጄን ስዘረጋ ካርዱን መልሶ ሸሸገው። ስሙ ኡመሬ እንደሆነ፣ ለምን እንደፈራም ያን ጊዜ ነገረን። ወንድሙ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመንገድ ላይ ሰው እጅ ተቀብሎ ነበር። ማንበብ ስለማይችል ጣራው ሥር ሰካው። በዓመቱ ሰዎች መጥተው መሬቱን ለኩ፣ መሬቱም የሌላ ሰው ሆነ፤ አቤት ሲል ወረቀት ተቀብለሃል ተባለ። አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው ብሎ አመነ። በእሱ ሐሳብ፣ ወረቀቱን ዝም ብሎ ቢመልስልኝ ነገ ሰጥቼው ነበር እላለሁ፤ ይዞ ቢሄድ ተቀበለ ይባላል። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ በገበያው መሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ «በሕግ አምላክ» አለ።

ይህ ቃል ከተጠራ አላፊ አግዳሚው ቆሞ መዳኘት አለበት። ጭራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ሁለታችንንም ሰሙ። ካርዱን አንብቤ ላሳያቸው ብል ኡመሬ፣ የጻፈው እሱ፣ የሚያነበው እሱ፣ ታዲያ ማን ያምነዋል አለ፤ ሽማግሌውም እውነቱን ነው አሉ። እሳቸው ፊደል አያውቁም። ዘከሪያ በዐረብኛ ፊደል ቢሆን አነብ ነበር አለ። እንግዲያው ዳኛ ያንብበው ብለው ፈረዱና የኩታዬን ጫፍ ከኡመሬ ኩታ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩት።

እናንተ የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም። ያን ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም። ኩታውን ጥሎ የሄደ ሰው አጥፍቻለሁ እንዳለ ይቆጠራል፤ አስካለም፣ ባሻም፣ ከተማውም በማግስቱ ይሰማዋል። ስለዚህ ወደ ዳኛው ቤት ሮጥን፤ ማለቴ ኡመሬ በቀስታ ይራመዳል፣ እኔ እጎትተዋለሁ፣ አህያው እሱን ይጎትታል። ግራዝማች ተክሌ የሚባሉት ዳኛ ግን ቤታቸው የሉም። ዘበኛው ሐጂ ኢብራሂም ቤት ምሳ ተጠርተው ሄደዋል አለን።

ዘከሪያ አየኝ፤ እኔም አየሁት። አልሐምዱሊላህ፣ መንገዳችን አንድ ሆነልን ብሎ ለማጽናናት ሞከረ። ልቅር ብል ወንበሩ ይቀራል፤ ልሂድ ብል ከኡመሬ ጋር ነው። ሄድኩ።

የሐጂ ኢብራሂም ቤት እንደ ሌላው የጀጎል ቤት ጫማ አውልቀው የሚገቡበት፣ ምንጣፍ የለበሱ መደቦች ደረጃ በደረጃ የተሠሩበት ነው። ክቡር ሰው ከላይ፣ ታናሽ ሰው ከታች ይቀመጣል። አስተናጋጁ ኮቴን አይቶ ወደ ላይ ጠቆመ፤ ኡመሬን አይቶ ወደ ታች ጠቆመ፤ ከዚያ ቋጠሮውን አየና እጁን አወረደ። በመጨረሻ እኔ ከላይኛው መደብ ጠርዝ፣ ኡመሬ ከታችኛው፣ ኩታችን በመሃል እንደ ገመድ ተወጥሮ ተቀመጥን። አህያው ግቢ ቀረ። ዘከሪያ እኔን የማያውቀኝ መስሎ ከአንድ የጫማ ነጋዴ ጎን ገባ።

ግራዝማች ተክሌ ከሐጂ አጠገብ ነበሩ። ዳኝነት ለመንኳቸው። ካስተናጋጁ እጅ ውሃ እየታጠቡ ምሳዬን ልብላ አሉ። ምሳቸው ደግሞ አጭር አልነበረም።

የእስላሙ ሥጋ በአንድ በኩል፣ የክርስቲያኑ በሌላ በኩል ቀረበ። ኡመሬ ወደ ግራ ሲጎነበስ እኔ እሳባለሁ፤ እኔ ወደ ቀኝ ስጎነበስ እሱ ጉርሻው ከእጁ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ከወደቀበት በኋላ በተራ እንብላ ብሎኝ ተስማማን። አንድ እሱ፣ አንድ እኔ። ያን ቀን ከሰው ጋር የተስማማሁት በዚህ ብቻ ነው።

ሙሴ ያኒ ወፍራም፣ ደስተኛ ሰው ነበር። አማርኛ ይችላል፤ አገሩን ግን ገና አላወቀውም። ሲያየን ቆየና፣ እናንተ ሁለታችሁ ሸሪኮች ናችሁ ወይ፣ እንዲህ ተሳስሮ መምጣት እዚህ አገር የሸሪክነት ልማድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንግዲህ ልቦና ያለው ሰው እዚህ ላይ እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን ወንበሩ ታየኝ። አዎን ሙሴ፣ የቆየ ልማድ ነው አልኩ።

«ሸሪኩ አይደለሁም» አለ ኡመሬ ከታች። «ከሳሹ ነኝ።»

ሙሴ ያኒ እየሳቀ በፈረንሳይኛ አንድ ረጅም ነገር ጠየቀኝ። ከዐሥራ አንዱ ቃላቴ ሁለቱን መዝዤ «ቦን ኑዊ» አልኩት። ደህና እደር ማለት ነው። ቀኑ ስምንት ሰዓት አልሞላም።

ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞረም፤ ኡመሬን ማነጋገር ያዘ። ከየት ነህ፣ ቡና ታበቅላለህ ወይ አለው። ኡመሬ የትኛው ተዳፋት ቡናው ቶሎ እንደሚበስል፣ የትኛው መንደር እርጥቡን እንደሚሸጥና ውስጡ እንደሚሻግት፣ ማን ከጆንያው ሥር ድንጋይ እንደሚከት አንድ በአንድ ነገረው። ነጋዴዎቹ መብላታቸውን ትተው ሰሙት። ሐጂ ኢብራሂም ራሳቸው ሁለት ጊዜ ጠየቁት። ወዲያው ሙሴ ያኒ የሶፊን ቡና አንተ ምረጥልኝ አለው። ኡመሬ ጥቂት አሰበና ተቀበለ፤ ግን ወረቀት የለም አለ። ወረቀት የለም ብለው እጅ ተመታቱ። እሱ እጁን ሲሰጥ የእኔም ትከሻ አብሮ ሄደ።

ግራዝማች ያን ጊዜ ጠግበው ነገሩ ይቅረብ አሉ። መነጽራቸውን አልያዙም። የጻፍከውን አንተው አንብበው አሉኝ፤ ቃል እንዳልሰርቅም አንድ ጎልማሳ የጉምሩክ ጸሐፊ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ድምፁን አሰምቶ እንዲከተል አዘዙ። ተነሣሁ። ኡመሬም ተነሣ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ከልምምዱ ሁሉ የቀረልኝ እሱ ብቻ ነው።

«ተሰማ ገብሬ» ብዬ አነበብኩ። «ጸሐፊ።»

«እውነት ነው?» አሉ ግራዝማች።

«እውነት ነው ጌታዬ።»

«ቀጥል።»

«አስተርጓሚ።» ቀና ብዬ አየኋቸው። «እሱ እንኳን አይደለሁም» አልኩ። ሕግ አዋቂ የሚለውን በዳኛ ፊት ማንበብ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። የነጋዴዎች መካሪ ስል አንድ ሙሉ ቤት ነጋዴ ያየኛል፤ አንዱንም መክሬ አላውቅም። የፈረንሳይኛ ሊቅ ስል ሙሴ ያኒ ፊቱን በጨርቅ ሸፈነ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አስካለ ጥምቀት ሲደርስ በቅሎ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት።

«እንግዲህ ለእኔ ለምን ሰጠኸኝ?» አለ ኡመሬ።

«እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ልለማመድብዎ ብዬ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘከሪያ እንኳ አላስቻለውም። ያልሳቀው ኡመሬ ብቻ ነበር። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና እንዲህ አለኝ፦

«ስለዚህ ከእኔ የምትፈልገው የለም?»

«የለም።»

«መሬቴንም?»

«መሬትዎንም።»

«እሱን ጻፍልኝ።»

ግራዝማች ይጻፍለት አሉ። ወረቀትና ቀለም መጣ። ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ስጠይቀው ኡመሬ ቃል በቃል ነገረኝ፤ እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህን ወረቀት የያዘው ኡመሬ ከማንም ምንም ወረቀት አልተቀበለም።» ግራዝማች እውነተኛ ማኅተማቸውን አሳረፉበት። ኡመሬ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ፤ ከዚያ ተቀብሎ በጥምጣሙ ውስጥ ሸሸገው። የተቀበለው ወረቀት መሆኑን ማንም ሊያስታውሰው አልፈለገም። ቋጠሮው ተፈታ። የሙሴ ያኒን የጸሐፊነት ሥራ ያ የጉምሩክ ጎልማሳ አገኘው፤ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ሲያነብ ድምፁ አምሮ ነበርና።

ሰኞ ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ። ሦስት ሰዓት ሳይሆን አምስት የሶፊ ገበሬዎች ፊቴ ቆሙ። ኡመሬ ልኳቸው ነው፤ ያ አልተቀበለም የሚለው ወረቀት ይጻፍልን አሉ። ሐሙስ ሃያ ሆኑ። እየቆዩ ደግሞ በየቤታቸው ጣራ ሥር የተሰካ ወረቀት እያመጡ ምን ይላል ይሉኝ ጀመር። እኔም የሚለውን ብቻ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዱ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። በእንቁላልም በጫትም ይከፍሉኛል። ሥራ በዛልኝ፤ ወንበር ግን አልነበረኝም፤ ጥምቀትም አራት ቀን ቀረው።

በዚያ ጠዋት ቀና ስል ባሻ ደምሴ ከገበሬዎቹ ኋላ ተራ ይዘው ቆመዋል። ልነሣላቸው ስል ተቀመጥ አሉኝ። ተራቸው ሲደርስ አጠገቤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ከአንገታቸው የቆዳ ከረጢት አወጡ። በውስጡ በእጥፋቱ የተበላ ወረቀት ነበር። ድሮ ጦር ላይ ሳሉ አለቃቸው የሰጧቸው የጀግንነት ምስክር እንደሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ከአንገታቸው እንዳልወጣ ነገሩኝ። አንብብልኝ አላሉም። ቀለሙ ስለደበዘዘ ገልብጥልኝ ነው ያሉት።

ዘረጋሁት። እንዲህ ይላል፦ «ደምሴ ጥርሱን ክፉኛ ታሟልና ሦስት ቀን እንዲያርፍ ተፈቅዶለታል።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆዩ ልላችሁ እወዳለሁ፤ አብራችሁኝ ተቀመጡ። ብዕር በእጄ ነው። አዲስ ወረቀት ጭኔ ላይ አለ። አንድ ጊዜ ጀግና ብዬ ብጽፍ አስካለ የእኔ ናት፤ ማንም አያውቅም። እውነቱን ባነብ ደግሞ የሰውየው የሠላሳ ዓመት ክብር ይወድቃል፣ ልጃቸውንም በቅሎ ይወስዳታል። እጄ ሳይንቀጠቀጥ ብዕሩን ሳንቃው ላይ አኖርኩ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለእሳቸው ብቻ እንዳለ አነበብኩላቸው።

ገበያው ይንጫጫል። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ጉንጫቸው ሄደ።

«ይቺ ነበረች» አሉ። «ነቅለውልኛል።»

ወረቀቱን መለስኩላቸው።

«ይህን ወረቀት ስድስት ሰው አንብቦልኛል። አንዱ ደብተራ ነው። ስድስቱም ጀግና ነህ ብለውኛል።» ወረቀቱን አጥፈው ወደ ከረጢቱ መለሱ፤ ከረጢቱንም ወደ አንገታቸው። «እሁድ ሽማግሌ ላክ።»

ወንበር የለኝም አልኳቸው። ድንጋዩ ይበቃል፣ ከቤቴ ውስጥ አንድ የሚያነብ ሰው ያስፈልገኛል አሉ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አለፈ። ከዚያ በኋላ ወንበርም ቢሮም አይቻለሁ፤ ሰው ወደ ትልቅ ሰው ግብዣ ሲሄድ ራሱን እንዴት አሳብጦ እንደሚዘጋጅም አያለሁ፣ አልፈርድበትም፤ አርባ ካርድ የጻፍኩ ሰው ነኝ። እኔን የለወጠኝ ግን የጻፍኩትን ውሸት በሰው ፊት ቆሜ እንዳነብ የተገደድኩበት ያ ሰዓት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀት ላይ ካለው ሌላ ማንበብ አልቻልኩም፤ ብፈልግም አልቻልኩም።

ባሻ እስኪሞቱ ድረስ ከረጢቱን ከአንገታቸው አላወለቁም። በልጄ ክርስትና ቀን አንድ እንግዳ የምን ምስክር ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«የጥርስ» አሉት።